ሁለት ድልድይ፣ አንድ ምግብ፦ ጉንዳኖቹ አጭሩን መንገድ ለምን አይመርጡም?

ዱካ ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉንዳኖች ጠረን እየተከተሉ አጭሩን መንገድ እንዴት እንደሚያገኙ ለተማሪዎች ለማሳየት የሁለት ድልድይ ሙከራ አዘጋጅቻለሁ፤ ከቤታቸው ወደ ምግቡ የሚወስደው ድልድይ መሐሉ ላይ በሁለት ክንድ ይከፈላል። ውጤቱ ግን ከሚጠበቀው ጋር አልገጥም ብሏል፤ የት ላይ እንደተሳሳተ ብታሳዩኝ።

ዝርያው ጥቁሯ የአትክልት ጉንዳን (ላሲየስ ኒጀር) ነው፤ መንጋው 400 ገደማ ሠራተኛ አለው። ከሙከራው በፊት ምግብ የተከለከለው ለ1 ቀን ነው። ድልድዩ ከካርቶን የተቆረጠ ሲሆን ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አጭሩ ክንድ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 30 ነው። ሁለቱም ከመገንጠያው በእኩል ማዕዘን ይነሣሉ። ምግቡ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሟሟ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው።

መጀመሪያ ሁለት እኩል ክንዶች ሲደረጉ አንደኛው ማሸነፍ ነበረበት፤ ጉንዳኖቹ ግን በሁለቱም ላይ ግማሽ በግማሽ ይሄዳሉ። ቀጥሎ ረጅሙ ክንድ ብቻውን ለ40 ደቂቃ ከቆየ በኋላ አጭሩ ሲጨመር ዞር ብለው አያዩትም። ሦስተኛ፣ ድልድዩ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎም በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ወገን ይይዛሉ። ተማሪዎች የሚጠይቁት ሌላም አለ፦ ዱካው ላይ የገባች ጉንዳን ቤቱ በየት በኩል፣ ምግቡ በየት በኩል እንደሆነ በምን ታውቃለች?


እጢና አንቴና፦

ከስፋቱ እንጀምር፤ ለመጀመሪያው ችግር መንስኤው እሱ ነው እላለሁ። በ5 ሚሊ ሜትር ላይ ሂያጅና ተመላሽ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። ዱሱቱርና ባልደረቦቿ በ2004 ይህንኑ ዝርያ በተለያየ ስፋት ድልድይ ላይ ፈትነዋል። ድልድዩ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጉዞው ወደ አንዱ ክንድ አጋደለ፤ በጣም ሲጠብ ግን በሁለቱ እኩል ተከፈለ። ምክንያቱ መገፋፋት ነው፦ መገንጠያው ላይ ልትገባ ያለችውን ጉንዳን ከወዲያ የመጣችው ትገፋትና ወደ ሌላኛው ክንድ ታስገባታለች። ጠረኑ ቢጠራትም ቦታ የላትም። ስለዚህ ስፋቱን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ጠባቡንም አይጣሉት፤ ከሰፊው ጋር አስተያይቶ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው ምግቡ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ከ4 በመቶ ብዙ አይበልጥም። ላሲየስ ኒጀር ደግሞ ምግቡን ቀምሳ ነው ምልክት የምታደርገው፤ ስኳሩ ሲወፍር ምልክቱም ይበዛል፣ ሲቀጥን ብዙዎቹ ምንም ሳያኖሩ ይመለሳሉ። 34 ግራም ስኳር መዝነው ውሃ እየጨመሩ መጠኑን 100 ሚሊ ሊትር ላይ ያድርሱት። ኬሚስቶች 1 ሞላር የሚሉት ይህ ነው። መንጋውን ለ4 ቀን ከስኳር ያቆዩት፤ ውሃ ግን ለአንድ ሰዓትም አይለየው። የአንድ ቀን ረሃብ ለዚህ ዝርያ አይበቃም፤ ሆዳቸው ውስጥ ያከማቹት ፈሳሽ ገና አላለቀም።

ምልክት ማድረጓን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ተማሪዎቹ ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። ከምግቡ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው አጉሊ መነጽር ይዘው ይጠብቁ። ጠግባ የምትመለሰው ሠራተኛ ሆዷ ተነፍቶ የጀርባዋ ቅርፊት መጋጠሚያ ይገለጣል፣ ፈዘዝ ያለ ቀለበት ይታያል። ስትሄድ ለቅጽበት ቀስ ትልና የሆዷን ጫፍ ወደ ታች ቀልብሳ ወለሉን ነካ አድርጋ ታነሣለች። ያ አንድ ነጥብ ነው። ዱካው ያልተቋረጠ መስመር ሳይሆን የነጥቦች ሰንሰለት ነው፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደነካች መቁጠር ይቻላል። የወፍራሙንና የቀጭኑን ስኳር ተመላሾች እየቆጠሩ ያነጻጽሩ።

እኩል ክንዶች ለምን እኩል ሆነው እንደማይቀሩ በቁጥር ማሳየትም ይቻላል። ደኔቡርግና ባልደረቦቹ በአርጀንቲና ጉንዳን ላይ ያወጡት ስሌት ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ክንድ እስካሁን ያለፉትን ቁጠር፣ በሁለቱም ላይ 20 ጨምር፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዛ፤ የአንዱ ድርሻ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ቀጣይዋ ጉንዳን እሱን የመምረጧ ዕድል ነው። በግራ 10፣ በቀኝ 5 ካለፉ 900 ለ1525 ይካፈላል፤ 59 በመቶ። በግራ 100፣ በቀኝ 50 ሲደርስ 14400 ለ19300 ይሆናል፤ ወደ 75 በመቶ። ልዩነቱ ያው እጥፍ ነው፣ ዱካው ሲወፍር ግን ዝንባሌው በረታ። ያ 20 ጠረኑ ገና ቀጭን ሳለ ጉንዳኗ ችላ የምትልበትን መጠን ይወክላል። ማባዛቱን ትተው ስሌቱን በቀጥታ ቢሠሩት አንደኛው ክንድ ጎልቶ አያሸንፍም። ተማሪዎቹ በሳንቲም ውርወራ ሳይሆን በዚህ ስሌት 200 ጉንዳን በወረቀት ላይ ቢያሳልፉ ማሸነፉ ሲመጣ በዓይናቸው ያያሉ።


ዝግ ካሜራ፦

ስለ ረጅሙ ክንድ አንድ በሰፊው የተለመደ አባባል መታረም አለበት። «ረጅሙ ላይ ጠረኑ ስለሚተን አጭሩ ያሸንፋል» ይባላል። ጎስ፣ አሮን፣ ደኔቡርግና ፓስቴልስ በ1989 ባሳተሙት ሙከራ የወሰነው መትነኑ አልነበረም፤ የመመለሻ ሰዓት ነው። በአጭሩ የሄደችው ቀድማ ስለምትመለስ አጭሩ ክንድ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ምልክት ይደረግበታል። የሚቀጥሉት መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ያንን ትንሽ ብልጫ ያገኛሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከላይ የተጻፈው ማባዛት ነው።

በእርስዎ ልኬት አስቡት። ጉንዳኗ በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች ብንል 15 ሴንቲ ሜትር 7.5 ሰከንድ፣ 30 ሴንቲ ሜትር 15 ሰከንድ ይፈጃል። የአጭሩ ብልጫ 7.5 ሰከንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ጉንዳኖች በአጋጣሚ ረጅሙን ከያዙ ብልጫው ይጠፋል። 30 እና 60 ሴንቲ ሜትር ያድርጓቸው። ድልድዩን የሚከፍቱትም ምግቡ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሁለቱንም ክንድ በአንድ ጊዜ ነው።

መትነን የሚገባው ሌላ ቦታ ነው፦ አሮጌ ውሳኔ መርሳት። ዕድሜው ደግሞ በዝርያው ይለያያል። ኤድዋርድ ዊልሰን ያጠናት የእሳት ጉንዳን በመስታወት ላይ የምታሰምረው ነጠላ ዱካ በ2 ደቂቃ ገደማ ከመለየት በታች ይወርዳል። የላሲየስ ኒጀር ዱካ ግን በአማካይ ወደ 47 ደቂቃ ይቆያል። በ40 ደቂቃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉዞዎች የረገጡት ረጅም ክንድ ላይ አዲስ ክንድ ቢጨመር ባዶ ወለል ከወፍራም ዱካ ጋር ተፎካከረ ማለት ነው። የአርጀንቲና ጉንዳንም እንዲሁ ረጅሙ ላይ ተቀርቅራ ትቀራለች።

ላሲየስ ኒጀር ግን አንድ መውጫ አላት። ቤከርስ፣ ደኔቡርግና ጎስ በ1992 እንዳሳዩት መንገዱ ከምትሄድበት አቅጣጫ ሲያርቃት መሐል ላይ ቆማ ዞራ ትመለሳለች። ዞረው የሚመለሱት ሲበዙ ዘግይቶ የተጨመረውን አጭር መንገድም ይይዛሉ። የእርስዎ ክንዶች ሁለቱም በእኩል ማዕዘን ስለሚነሡ «እየራቅሽ ነው» የሚል ፍንጭ አታገኝም። ረጅሙን ክንድ መሐሉ ላይ ወደ ጎን እንዲወጣ አጥፈው ይቁረጡት፣ አጭሩንም ከ40 ሳይሆን ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጨምሩ። ያኔ ልዩነት ያያሉ።

አሁን ወደ ውልወላው። ብዙዎቹ የዱካ ፌሮሞኖች (ጉንዳኖቹ ለመልእክት የሚያኖሯቸው ጠረን ያላቸው ኬሚካሎች) ከውሃ ይልቅ ከቅባት ጋር የሚስማሙ ናቸው፤ እርጥብ ጨርቅ አያነሣቸውም፣ ይልቁንም ያሰፋቸዋል። ካርቶን ደግሞ ይመጠዋል። ድልድዩን ከፕላስቲክ ይሥሩና በላዩ የድልድዩን ቅርፅ ይዞ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ። ለየዙሩ ወረቀቱን አንሥተው አዲስ ያድርጉ። የወረቀቱን ጠርዝ ይያዙ እንጂ መሐሉን በባዶ ጣት አይንኩ። ሥሩ ያለው ፕላስቲክ በ70 በመቶ አልኮል ተጠርጎ 10 ደቂቃ ይድረቅ፤ አልኮሉ ሳይደርቅ የገቡ ጉንዳኖች ወደ ኋላ ይሸሻሉና ሙከራው ሌላ ነገር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ያንኑ ወገን ሊይዙ ይችላሉ። ምክንያቱ ትዝታ ነው። ግሩተር፣ ቻችከስና ራትኒክስ በ2011 እንዳሳዩት ላሲየስ ኒጀር ምግብ ያገኘችበትን ወገን ከ1 ጉብኝት በኋላ ከ4ቱ 3 ጊዜ ገደማ፣ ከ3 ጉብኝት በኋላ ከ100ው 95 ጊዜ ገደማ በትክክል ትመርጣለች። ዱካው ወደ ቀኝ፣ ትዝታዋ ወደ ግራ ሲሏት አብዛኞቹ ትዝታቸውን ይከተላሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር የሚያዩት ያልጠፋ ጠረን ላይሆን ይችላል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ከመጀመሪያው ዙር ምግብ የቀመሱትን ጀርባቸው ላይ በቀጭን ብሩሽ የቀለም ነጥብ ያድርጉባቸው። በሁለተኛው ዙር ነጥብ ያላቸውና የሌላቸው መገንጠያው ላይ የሚያደርጉትን ለየብቻ ይቁጠሩ። ባለነጥቦቹ ብቻ ወደ አንድ ወገን ካጋደሉ ትዝታ ነው፤ ሁለቱም ካጋደሉ ወረቀቱ ወይም ሌላ ነገር ነው።


ዱካ ፈላጊ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ስፋቱ ይህን ያህል ያመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አንድ ልጨምር፦ ለተማሪዎች በእጅ የተሰመረ ዱካ ማሳየት ይቻላል? የአንዲት ጉንዳን ሆድ ወረቀት ላይ ተጨፍልቆ ሲሰመር የመጡት ሁሉ መስመሩን ሲነኩ ተበታተኑ።


ጭማቂ መርማሪ፦

የተበታተኑት ሆዱ ሲጨፈለቅ የመርዝ ከረጢቱ ስለፈነዳ ነው። የላሲየስ ወገን መርዝ ፎርሚክ አሲድ ነው፤ ለጉንዳኖቹ ያ ጠረን «ተጠንቀቁ» ነው። የዱካውን ጠረን ብቻ ለማግኘት የሚወጣበትን ክፍል ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል፣ እሱም በየዝርያው የተለየ ነው። በላሲየስ የሚወጣው ከኋለኛው አንጀት ነው። በእሳት ጉንዳን ከዱፉር እጢ ነው፤ በንድፊያዋ ጫፍ ወለሉን እየጫረች ታሰምረዋለች። በሚርሚካና በቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ከመርዝ እጢው ይመጣል። በአርጀንቲና ጉንዳን ደግሞ ከሆዷ ሥር ካለው የፓቫን እጢ። ለአንዱ ዝርያ የተጻፈ አሠራር በሌላው ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ለእርስዎ ዝርያ እንዲህ ያድርጉ። 10 ሠራተኞችን በትንሽ ጠርሙስ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያስቀምጡ። አንዷን በጠብታ ውሃ ውስጥ አድርገው በአጉሊ መነጽር ሥር በአንድ ስል መቆንጠጫ ደረቷን ይያዙ፣ በሌላው የሆዷን የመጨረሻ ቅርፊት ቆንጥጠው ቀስ ብለው ይሳቡ። አንጀቱ አብሮ ይወጣል፤ ግልጹን የመርዝ ከረጢት ሳይቀዱ ይለዩት። ቢፈነዳ ያንን ናሙና ይጣሉትና መቆንጠጫውን በአልኮል ያጽዱ። የ10ሩን የኋለኛ አንጀት በ1 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ ጨፍልቀው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩ። ከዚያ በቀጭን መርፌ ወረቀት ላይ የተጠማዘዘ መስመር ያስምሩ። ቀጥ ያለ መስመር አያስምሩ፤ ጉንዳን ያለ ምንም ጠረንም ቀጥ ብላ ልትሄድ ትችላለች። ጎኑ ላይ በንጹሕ አልኮል ብቻ ሁለተኛ ጥምዝ ያስምሩ። ሁለቱም 2 ደቂቃ ይድረቁ። ጉንዳኗ ጥምዙን ስትከተል ካዩ፣ ንጹሑን ስትረግጥ ግን አቋርጣው ካለፈች፣ ያሳዩት ጠረን ነው።

የሚያስፈልገው መጠን ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ ለመናገር ከቅጠል ቆራጯ አታ ቴክሳና የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1971 የተለየው ፌሮሞኗ በጉንዳን የዱካ ፌሮሞን ታሪክ መጀመሪያ ማንነቱ የታወቀው ነው። የመለየት ወሰኗ በአንድ ሴንቲ ሜትር 0.08 ፒኮግራም ነው (ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው)። የምድር ወገብ ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ምድርን አንድ ጊዜ የሚዞር ዱካ ለማስመር 0.32 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃል። ያ የጥቂት የስኳር ቅንጣት ክብደት ነው። ለዚህ ነው በእጅዎ ያሰመሩት ዱካ አብዝቶ ቢወፍር የሚበላሸው፤ ጠረኑ መስመሩን አልፎ ሲዘረጋ ጠርዝ አይኖረውም፣ ጉንዳኗም መሐሉ ላይ ትባዝናለች። ጭማቂውን 10 ጊዜ አቅጥነው ሌላ ጥምዝ ቢሞክሩ ብዙ ጊዜ ከወፍራሙ የተሻለ ይከተሉታል።

ተማሪ በእስክሪብቶ ያሰመረውን መስመር ነፍሳት ሲከተሉ የሚያሳይ ምስል አይቶ ቢጠይቅ፣ እነዚያ ምስጦች ናቸው። በአንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለው 2-ፊኖክሲ ኢታኖል የምስጥን የዱካ ጠረን ይመስላል። ጉንዳን ላይ አይሠራም።


ሹካ መንገድ፦

የአቅጣጫው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰምና እኔ ልሞክር።

ጠረኑ ራሱ ቀስት የለውም። ነጥቦቹን ከየትኛውም ወገን ቢያሸቷቸው አንድ ናቸው። አንቴናዎቿ የሚነግሯት ግራና ቀኝ ነው፦ ዱካውን በሁለቱ መሐል አድርጋ ትሄዳለች፣ በግራ ያለው ጠረን ሲደክም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሐንጋርትነር በ1967 አንድ አንቴና ብቻ የቀራቸው ጉንዳኖች ዱካውን እየሳቱና እየተመለሱ እንደሚከተሉት አሳይቷል። ይህን ለማየት ጉንዳን መጉዳት አያስፈልግም። በሰከንድ 120 ምስል የሚያነሣ የስልክ ካሜራ ከላይ ቢያስቀምጡ፣ ቀጥ ያለች የምትመስለው ጉንዳን እንደ እባብ እየተጠማዘዘች፣ አንቴናዎቿም ወለሉን እየዳሰሱ እንደሆነ ያያሉ። መሐል ላይ ቆማ አንቴናዋን በፊት እግሯ ማበጠሪያ ስባ ስታወጣ ካዩ እያጸዳች ነው፤ አቧራ የያዘ አንቴና አያሸትም። ሙከራው አቅራቢያ ዱቄት ነገር አያስቀምጡ።

ለአቅጣጫ ከጠረን ውጭ ያለው ሁሉ ይሠራል፦ ብርሃን፣ ትዝታ፣ ሆዷ መሙላቱ። የፈርዖን ጉንዳን ግን በራሱ በዱካው ቅርፅ ታነብበዋለች። ጃክሰን፣ ሆልኮምና ራትኒክስ በ2004 ያገኙት ይህን ነው። ከቤት የሚወጡት ዱካዎች እንደ ሹካ ይከፈላሉ፣ በሁለቱ ጣቶች መሐል ያለውም ማዕዘን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው። 60 እንበልና ወረቀት ላይ ይሣሉት። ከቤት የምትወጣዋ መገንጠያው ላይ ስትደርስ ሁለቱም መንገዶች 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያጥፏታል። ወደ ቤት የምትሄደዋ ግን አንደኛው 30 ዲግሪ ሲያጥፋት ሌላው 120 ዲግሪ ወደ ኋላ ይቀለብሳታል። ያ አለመመጣጠን አቅጣጫውን ይነግራታል፤ ሆዷ ባዶ ሆኖ ወደ ቤት እየሄደች እንደሆነ ካወቀች ትዞራለች። ሹካው 120 ዲግሪ ሲሆን ሦስቱም አፎች እኩል ስለሆኑ ምንም አይነበብም። በእርስዎ ዝርያ ይህን አይሞክሩ፤ ትዝታዋና ብርሃኑ ይሸፍኑታል።

ከጠረን በቀር ሌላ መመሪያ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በዘማች ጉንዳኖች ይታያል። ዓይናቸው እጅግ ደካማ ነው። አንድ ቡድን ከዋናው ሰልፍ ተቆርጦ የራሱን ዱካ ከኋላ ከያዘ ክብ ይሆናል፤ እያንዳንዷ ዙር ክቡን ታወፍረዋለች፣ እስኪሞቱ ድረስ ሊዞሩ ይችላሉ። ሽኔይርላ በ1944 ጽፎበታል።


ቆጣሪ፦

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ፣ ለምሳሌ መስኮት ከሆነ፣ «ጠረኑ አሸነፈ» የሚሉት ብርሃኑ ያሸነፈው ሊሆን ይችላል። ሙከራውን በሁሉም በኩል በነጭ ወረቀት ይክበቡ፣ መብራቱን በትክክል ከላይ ያድርጉ፣ አጭሩን ክንድ በግማሹ ዙር በግራ፣ በግማሹ በቀኝ ያኑሩ። ሙቀቱም ከዙር ዙር አይለዋወጥ፤ ሞቅ ሲል ጠረኑ ፈጥኖ ይተናል።

ስትቆጥሩ በየክንዱ መሐል መስመር ያስምሩና በየደቂቃው የሚያቋርጡትን በሁለቱም አቅጣጫ ለ30 ደቂቃ ይመዝግቡ። የመጨረሻው 10 ደቂቃ ላይ ከ80 በመቶ በላይ በአንድ ክንድ ካለፉ ያ ክንድ አሸንፏል ይበሉ፤ ይህን ወሰን ከመጀመርዎ በፊት ይጻፉት፣ ካዩ በኋላ አይደለም። አንድ ዙር ምንም አያረጋግጥም። አጭሩ ከ10 ዙር 8 ወይም ከዚያ በላይ በአጋጣሚ ብቻ የሚያሸንፍበት ዕድል 5.5 በመቶ ነው፤ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ 1.1 በመቶ ይወርዳል። 10 ዙር ያቅዱ፣ በዙሮቹ መሐል ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፏቸው፣ ባለነጥቦቹንም ለየብቻ መቁጠር አይርሱ።